አዲስ ሰፈር ስትሸነሽኑ ከውሃውና ከእግረኛው ጀምሩ

አዲስ የመኖሪያ ሰፈር ሲታቀድ ሥራው ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ይጀመራል። መሬቱ ይለካል። ስፋቱ ለአንድ የቤት ቦታ መጠን ይካፈላል። ስንት ቦታ እንደሚወጣው ይታወቅና መንገድ በተረፈው ላይ ይሰመራል። የእግረኛ አቋራጭ የሚባለውማ ለቤት የማይሆን ጥግ ሲተርፍ ብቻ ነው የሚታሰበው። እኔ የምላችሁ ይህን ገልብጡት ነው። መጀመሪያ ውሃው የት እንደሚሄድ፣ ቀጥሎ እግረኛው፣ ከዚያ መኪናው። የቦታ መጠን መጨረሻ ይምጣ።

ለምን ብትሉ፣ ቤት ይፈርሳል፣ ይታደሳል፣ ፎቅ ይጨመርበታል። የመንገድ መስመርና የቦታ ወሰን ግን አንዴ ለሰው ከተላለፈ በኋላ አንድ ሜትር ለማንቀሳቀስ እንኳ የስንቱን ባለቤት ደጅ መጥናት ነው። በአሜሪካ ሳቫና ከተማ መሥራቹ ጀምስ ኦግልቶርፕ እ.ኤ.አ. በ1733 ያስጀመረው የመንገድና የአደባባይ ንድፍ ዛሬም መሃል ከተማው ላይ ይታያል። ዙሪያው ያሉት ቤቶች ግን ስንቴ ተቀያይረዋል። እናንተም ዛሬ በእርሳስ የምታሰምሩት መስመር የልጅ ልጆች የሚሄዱበት ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ስጡት።

ወረቀቱን ከመዘርጋታችሁ በፊት

ቀያሽ ቀጥራችሁ የከፍታ መስመር ያለው ካርታ አሠሩ። ከፍታው በየግማሽ ሜትሩ፣ ቢበዛ በየአንድ ሜትሩ የሚታይበት ይሁን። ካርታውን ይዛችሁ መሬቱን በእግር ዙሩት፤ የሚቻል ከሆነ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት። ውሃ የተኛበትን፣ አፈር ጠርጎ የሄደበትን፣ ሳሩ ወደ አንድ ወገን የተጋደመበትን ምልክት አድርጉ። እነዚህ መስመሮች ቦይ ሠራን ብላችሁ የሚጠፉ አይደሉም። ቤት ብትሠሩባቸው ውሃው በሳሎን ያልፋል፤ ክፍት ብትተዉአቸው ግን የሰፈሩ ምርጥ የእግር መንገድ ይወጣቸዋል። ውሃ መውረጃ ለስለስ ያለ ቁልቁለት ይዞ ከላይ እስከ ታች ሳይቆራረጥ ስለሚሄድ፣ አንድ ኮሪደር ጎርፍ ማስተናገጃም፣ አረንጓዴ ቦታም፣ የእግርና የብስክሌት መንገድም ይሆናል ማለት ነው። መሬት ቆጥባችሁ ሦስት ሥራ ታሠሩታላችሁ።

በዙሪያው ያሉ ሰዎች መሬቱን አቋርጠው የሚሄዱበት የእግር ዱካ ካለም ካርታው ላይ አስፍሩት። ማንም ሳያዛቸው ያንን መስመር የመረጡት ምክንያት ስላላቸው ነው። ትላልቅ ዛፎችንም መዝግቡ። ከጎረቤት መሬት መጥተው ወሰናችሁ ላይ የሚቆሙ መንገዶችንም እንዲሁ። ቁልቁለቱ ከ15 በመቶ በላይ የሆነውን፣ ማለትም በ100 ሜትር ርቀት ከ15 ሜትር በላይ የሚወርደውን ቦታ ለብቻው ቀለም ቀቡት፤ እዚያ ተራ ሽንሻኖ አይሠራም።

አቋራጩ ከመኪና መንገዱ ይቅደም

አሁን ሰው የት የት እንደሚሄድ አስቡ። ትምህርት ቤት፣ አውቶቡስ ማቆሚያ፣ ሱቅ፣ ቤተ እምነት፣ የልጆች መጫወቻ። ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይራመዳል፤ ስለዚህ በአምስት ደቂቃ 400 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ጠርዙ ከእያንዳንዱ መድረሻ በየአቅጣጫው 400 ሜትር የሚርቅ ክብ ሥሩ። ግን ክቡ ይሸውዳል። በአየር ላይ 150 ሜትር የሚርቅ ሱቅ መንገዱ ተጠማዝዞ 900 ሜትር ሊያስኬድ ይችላል። ጀርባ ለጀርባ የሚገናኙ ሁለት ቤቶች ያሉ ልጆች በአጥር ላይ እያወሩ፣ አንዱ ጋ ለመሄድ ግን ሩብ ሰዓት ሲያዞራቸው አስቡት። እናት መኪና ታስነሳለች። ሰፈር በመኪና የሚጨናነቀው እንዲህ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። በመንገድ የሚሄዱትን ርቀት በቀጥታው ርቀት አካፍሉ። ውጤቱ ከ1.5 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ከመጣ እዚያ ቦታ አቋራጭ ጎድሏል ማለት ነው። ይህን በሰፈሩ ውስጥ ለተለያዩ አሥር ያህል ቤቶች ሞክሩት፤ ንድፉ የቱ ጋ እንደታነቀ ወዲያው ይገለጥላችኋል።

እግረኛን ከመኪና ለይቶ ማስኬድ አዲስ ሐሳብ አይደለም። አርክቴክቶቹ ክላረንስ ስታይንና ሄንሪ ራይት እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በጀመሩት ራድበርን በተባለው ሰፈር፣ መኪና በአጫጭር ዝግ መንገዶች በኩል ቤት ድረስ ይገባል። በቤቶቹ ሌላ ወገን ደግሞ አረንጓዴ ሜዳና የእግር መንገድ አለ። እግረኛን ከዋናው መንገድ ሥር የሚያሳልፍ መተላለፊያም ነበረው። ራድበርን ዛሬም የሚወደድ ሰፈር ነው። ነገር ግን ሐሳቡ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ የመንግሥት ቤቶች ሰፈር ሲሠራበት በብዙ ቦታ አልተሳካም። የእግር መንገዱ በረጃጅም አጥሮች መሃል ሆነ። ከቤት መስኮት የሚያየው ሰው ጠፋ። ሰዉም በመኪናው በኩል መግባትና መውጣት ስለቀጠለ የትኛው የቤቱ ፊት፣ የትኛው ጀርባ እንደሆነ ተምታታ። ከዚህ የምንወስደው አንድ ጥብቅ ነገር አለ። አቋራጭ የሚኖረው ዓይን ሲያየው ነው። ቤቶች መስኮትና በር ወደ እሱ ይክፈቱ። አጥር ካስፈለገ ዝቅ ያለ ወይም የሚያሳልፍ ይሁን።

ስፋቱን በተመለከተ፣ እግረኛና ብስክሌት አብረው የሚሄዱበት ከሆነ የሚረገጠው ክፍል 3 ሜትር ይሁን። በሁለቱም ጎን ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ምንም ነገር የማይቆምበት ክፍት ቦታ ተዉ። ኮሪደሩ በጠቅላላ ከ6 ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ 10 ሜትር ከተገኘ ዛፍም ቦይም ይይዛል። በሁለት ቦታዎች መሃል የሚሾልክ አጭር አቋራጭ 5 ሜትር ይበቃዋል። ግን ቀጥ ያለ ይሁን። ገና ከመግባታችሁ የወዲያኛው ጫፍ መታየት አለበት። መሃል ላይ ከታጠፈ ማታ ማንም አይገባበትም፤ በተለይ ሴቶች።

አቋራጩ ከመኪና መንገድ ጋር የሚገናኝበትን አፍ ቀረብ ብለን እንየው፤ አደጋ የሚደርሰው እዚህ ነው። ሕፃን በሩጫ ከሁለት አጥሮች መሃል ይወጣል። አጥሩ እስከ ጠርዙ ድረስ ሁለት ሜትር ከቆመ ሾፌሩ ሕፃኑን የሚያየው መኪናው አፍንጫ ሥር ሲደርስ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ወገን ያሉት ቦታዎች አጥር ለመጨረሻዎቹ 3 ሜትሮች ከአንድ ሜትር በታች እንዲሆን አስቀድማችሁ በግንባታ ደንቡ ውስጥ ጻፉት። ከአቋራጩ ግራና ቀኝ 5 ሜትር ድረስ መኪና እንዳይቆም አድርጉ። የመኪናውን መንገድ ደግሞ እዚያ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል አውጡት። ያኔ የሚወጣውና የሚወርደው ሾፌሩ ነው፤ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋውና ጋሪ የምትገፋው እናት ቀጥ ብለው ያልፋሉ። አፉ ላይ መኪና እንዳይገባ አንድ ምሰሶ መሃል ላይ ትከሉ፤ ግራና ቀኙ አንድ ሜትር ተኩል ክፍት ይሁን።

የመኪና መንገዱ

ስንት መንገድ ያስፈልጋል? የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም፣ ዩኤን ሀቢታት፣ ለከተማ ሰፈሮች የሚያቀርበው መነሻ አለ። ከመሬቱ 30 በመቶ ያህል ለመንገድ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ደግሞ ቢያንስ 18 ኪሎ ሜትር መንገድ። ይህ በፍርግርግ ሲሰላ በየ110 ሜትሩ አንድ መንገድ ማለት ነው። መኖሪያ ብቻ ለሆነ ትንሽ ሰፈር 25 በመቶ ላይ መድረስ ይቻላል፤ ከዚያ በታች የሚወርድ ንድፍ ካያችሁ ግን ጠርጥሩ። ወይ መንገዱ ጠቧል፣ ወይ ብሎኮቹ፣ ማለትም በመንገዶች መሃል የሚቀሩት የቤት ቦታ ስብስቦች፣ ረዝመዋል።

አቅጣጫውን ቁልቁለቱ ይምራችሁ። ቁልቁል ቀጥ ብሎ የሚወርድ ረጅም መንገድ ክረምት ላይ ወንዝ ይሆናል። የከፍታ መስመሩን ተከትሎ ፍጹም አግድም የሚሄድ ደግሞ ውሃ ያቁራል። የሚበጀው በመጠኑ ሰያፍ መሄድ ነው። የመንገዱ ቁልቁለት ቢያንስ 0.5 በመቶ ይኑረው፣ ከ6 በመቶ ባያልፍ መልካም ነው። ግድ ከሆነ አጭር ርቀት ላይ እስከ 10 ይታገሡታል። የፍሳሽ ቱቦ በራሱ ክብደት ቁልቁል እንደሚሄድ አትርሱ፤ መንገዱ ዳገት ወጥቶ ተመልሶ የሚወርድ ከሆነ ቱቦው በጣም ጥልቅ ይቆፈራል ወይ ፓምፕ ይፈልጋል።

ሌላው ፀሐይ ነው። መንገዱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲዘረጋ የቤቶቹ ፊትና ጀርባ ሰሜንና ደቡብ ያያሉ። ከላይ የሚመጣ ፀሐይ በጣሪያ ክንፍ ይከለላል። በምሥራቅና በምዕራብ በኩል የሚገባውን የጠዋትና የማታ ዝቅ ያለ ፀሐይ ግን ምንም አያግደውም። ቁልቁለቱ ካልከለከላችሁ አብዛኛውን መንገድ በዚህ አቅጣጫ አድርጉት።

ስፋት ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አብዝቶ ነው። ሰፊ መንገድ የደላው ይመስላል፤ ነገር ግን ሾፌር የሚነዳው በምልክቱ ሳይሆን በስፋቱ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሾፌሩ ካየ በኋላ በ13 ሜትር አካባቢ ይቆማል። 50 ላይ ከሆነ ከ25 ሜትር በላይ ይሄዳል። 30 ላይ የተገጨ ሰው በአብዛኛው ይተርፋል፤ 50 ላይ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። የሰፈር ውስጥ መንገድ ለ30 ይታቀድ፤ አከራካሪ ሊሆን አይገባም።

ለውስጥ መንገድ የምወደው ስፋት ይኸውላችሁ። መሃሉ 6 ሜትር፣ በሁለቱም ጎን 2 ሜትር ዛፍና መኪና ማቆሚያ እየተፈራረቁ የሚገቡበት፣ ከዚያ በየጎኑ 1.5 ሜትር የእግረኛ መንገድ። ድምሩ 13 ሜትር። 6 ሜትሩ እንዲያው የመጣ አይደለም፤ በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች የሚሠራበት ዓለም አቀፉ የእሳት አደጋ ደንብ ለእሳት አደጋ መኪና ክፍት እንዲሆን የሚጠይቀው ስፋት ወደዚያው ነው። መኪናዎች በዛፎቹ መሃል በተሠራላቸው ቦታ ስለሚቆሙ መንገዱ አይዘጋም። ማቆሚያ ካልሠራችሁላቸው እግረኛው መንገድ ላይ ይወጣሉ፤ ይህ የታወቀ ነው።

ማዕዘኖችን አጥብቡ። መታጠፊያው ላይ የጠርዙ ሬዲየስ 10 ሜትር ከሆነ መኪና ሳይቀንስ ይታጠፋል። ከ3 እስከ 5 ሜትር ከሆነ መቀነስ ግድ ይለዋል። መገናኛዎቹ በተቻለ መጠን ቀጥ ባለ ማዕዘን ይገናኙ፤ ከ75 ዲግሪ በታች ከሆነ ሾፌር አንገቱን ጠምዝዞ ነው የሚያየው። ለውስጥ መንገድ ደግሞ ከመስቀለኛ ይልቅ ባለ ሦስት አቅጣጫ መገናኛ ይመረጣል። በመስቀለኛ መገናኛ ላይ መኪኖች ሊጋጩ የሚችሉባቸው 32 ነጥቦች አሉ፤ በባለ ሦስቱ ላይ 9 ብቻ። ሁለት መገናኛዎችን ጎን ለጎን ስታደርጉ ግን ቢያንስ 40 ሜትር አራርቋቸው።

ጫፉ ዝግ የሆነ መንገድ ገዢ ይወደዋል። ጸጥ ያለ ነው። ብዙ ሲሆን ግን ሰፈሩን ያፍነዋል። መሬቱ ሲያስገድዳችሁ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ርዝመቱን ከ120 ሜትር አታሳልፉት፣ ጫፉ ላይ ሁልጊዜ የእግር አቋራጭ አውጡ። ያ የእሳት ደንብ ከ45 ሜትር በላይ ለሚረዝም ዝግ መንገድ የእሳት አደጋ መኪና መዞሪያ ይጠይቃል። ከ30 በላይ ቤት ላለው ሰፈርም በመርህ ደረጃ ሁለት መግቢያ ይላል። እናንተ ባላችሁበት ደንቡ ሌላ ቁጥር ሊኖረው ይችላል፤ ከማሰመራችሁ በፊት አረጋግጡ። ምክንያቱ ግን የትም አንድ ነው፤ አንዱ መግቢያ ሲዘጋ አምቡላንስ በሌላው መግባት አለበት።

ጥቂት ቤቶች ብቻ ላሉበት አጭር መንገድ ደግሞ የሆላንዶችን መንገድ እዩ። በዴልፍት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ የተጀመረ አሠራር ነው። ጠርዝ የለም፣ የእግረኛና የመኪና ልዩነት የለም፣ ዛፍና መቀመጫ መንገዱ ላይ ይገባል፣ መኪና በእግር ፍጥነት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1976 ሕግ ወጣለት። በመንገዱ የሚያልፍ መኪና ሲበዛ አይሠራም፤ ዋና መተላለፊያ ላይ አትሞክሩት። ሃውተን የምትባለው የሆላንድ ከተማ ደግሞ ሌላ ዘዴ አላት። ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው በመኪና ለመሄድ ወደ ዙሪያው ቀለበት መንገድ መውጣት ያስፈልጋል። በብስክሌትና በእግር ግን በቀጥታ ነው። ሰዉን ሳትሰብኩት ብስክሌቱን እንዲመርጥ ታደርጉታላችሁ።

አሁን ሽንሻኖው

የቦታን መጠን በካሬ ሜትር ብቻ አታስቡት። 200 ካሬ ሜትር ፊቱ 10 ጥልቀቱ 20 ሊሆን ይችላል፣ ፊቱ 20 ጥልቀቱ 10ም ሊሆን ይችላል። በ100 ሜትር መንገድ ዳር የመጀመሪያው 10 ቤት ይይዛል፣ ሁለተኛው 5። አስፋልቱ፣ የውሃ ቱቦው፣ ፍሳሹ፣ የመብራት መስመሩ ሁሉ የሚለካው በመንገድ ርዝመት ስለሆነ፣ ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ቤት እጥፍ ወጪ ይጠይቃል። የፊት ስፋቱ የጥልቀቱ ግማሽ ወይም ከዚያ ትንሽ ያነሰ ሲሆን ነው ሁሉ የሚመቻቸው። ከ8 ሜትር በታች ካጠበባችሁ የመኪና መግቢያው ብቻ 3 ሜትር ይበላና ፊቱ በር ብቻ ይሆናል፤ ያኔ መኪናን በጀርባ ወይም በጋራ ማቆሚያ አስገቡ።

መጠኑን ከመወሰናችሁ በፊት በውስጡ ቤት ሳሉበት። 10 በ20 ቦታ ላይ ከፊትና ከኋላ 3 ሜትር፣ ከየጎኑ 1.5 ሜትር ቢለቀቅ የሚሠራበት 7 በ14፣ ማለትም 98 ካሬ ነው። 8 በ20 ብትሉት 5 በ14፣ 70 ካሬ ይቀራል። ከቦታው የተቀነሰው ከአምስት እጅ አንዱ ነው፤ ከቤቱ ግን ከሩብ በላይ ሄዷል። ለዚህ ነው ጠባብ ቦታ ላይ ጎን ለጎን ተጣብቀው የሚሠሩ ቤቶች የሚሻሉት። የመኪና ማቆሚያው በር ከእግረኛው መንገድ 6 ሜትር ይራቅ፤ አለበለዚያ የቆመው መኪና ጭራ መንገዱን ይዘጋል።

ሁሉንም ቦታ አንድ መጠን አታድርጉ። አዲስ ተጋቢም፣ ብዙ ልጆች ያሉትም፣ ልጆቹ የወጡለት አዛውንትም እዚያው ሰፈር ሊኖሩ ይገባል። ትናንሾቹን ቦታዎች ሜዳው፣ አውቶቡሱና ሱቁ አጠገብ አድርጉ፤ የራሱ ግቢ ጠባብ የሆነ ሰው የጋራው ቅርብ ይሁንለት። ትላልቆቹን ወደ ዳርና ወደ ዳገታማው አውጡ፣ እዚያ መሬት ለመደልደል ሰፋ ያለ ቦታ ያስፈልጋል። የማዕዘን ቦታ ሁለት ወገኑ መንገድ ስለሆነ ሁለት ጎን ይለቀቅለታል፤ 2 ሜትር ጨምሩለት።

በቁጥር እንየው። 10 ሄክታር፣ 100,000 ካሬ ሜትር መሬት አላችሁ እንበል። መንገድ 26,000፣ ሜዳ፣ አቋራጭና የውሃ መውረጃ 14,000፣ ለሱቅና ለጋራ አገልግሎት 4,000። የቀረው 56,000 ነው። 140 ቦታ በ160 ካሬ፣ 90 ቦታ በ220፣ 40 ቦታ በ340 ብታደርጉ 55,800 ይሆናል። 270 ቤት። የተረፈችው 200 ካሬ ለትራንስፎርመር ትሆናለች። ሁሉንም እኩል ብታደርጉም ያው 270 ገደማ ነው የሚወጣው፤ ማደባለቅ ቤት አያስቀንስባችሁም።

ብሎኩን ስታወጡ፣ ሁለት ረድፍ ቦታ ጀርባ ለጀርባ በ20 ሜትር ጥልቀት 40 ሜትር ወርድ ይሰጣል። ርዝመቱን 104 ሜትር ብታደርጉት በአንድ ረድፍ ሁለት የማዕዘን ቦታ በ12 እና ስምንት ቦታ በ10 ሜትር ይገባል፤ በጠቅላላ 20 ቤት። ከ120 ሜትር በላይ ከሄደ መሃሉን በአቋራጭ ሰንጥቁት።

ከመሸጣችሁ በፊት

ንድፉን መሬት ላይ አውርዱት። ችካል ትከሉ፣ ገመድ ወጥሩ፣ በመስመሩ ሂዱበት። ጋሪ የምትገፋ እናትና ምርኩዝ የያዙ አባት አብረዋችሁ ይሂዱ። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በየመታጠፊያው ይዙር። በወረቀት ላይ ያማረ መታጠፊያ እዚህ ሲፈተን ይወድቃል፤ ማስተካከያው አሁን ችካል መንቀል ብቻ ነው፣ በኋላ ግን አጥር ማፍረስ ነው።

የአቋራጮቹንና የውሃ መውረጃዎቹን ወሰን በፕላኑም፣ በአጠገባቸው ባሉ ቦታዎች ካርታም ላይ የሕዝብ መተላለፊያ ተብለው እንዲመዘገቡ አድርጉ። ማን እንደሚያጸዳቸው፣ ማን መብራት እንደሚከፍልም በጽሑፍ ይቀመጥ። አቋራጩን ከቤቶቹ በፊት ሥሩት። በኋላ እንሠራዋለን ከተባለ አጥሮች ከሁለቱም ወገን እየገፉ ይመጣሉ፣ ጎረቤትም የለመደውን ጸጥታ አላስነካም ይላል። ወደ ጎረቤት መሬት ወደፊት የሚቀጥል መንገድ ካላችሁም እስከ ወሰኑ ድረስ አስፋልቱን አድርሱትና፣ ጫፉ ላይ መንገዱ እንደሚቀጥል የሚናገር ሰሌዳ ከመጀመሪያው ቀን ትከሉ። በዚያ ጥግ ቤት የሚገዛው ሰው አውቆ ይግዛ።